የቱላ ብስክሌት በሚዛን ላይ

ሐዋሳን ደርሶባት የተመለሰ ሰው ከምንም በፊት ሁለት ነገሮችን ያነሣል፤ ሐይቋንና ብስክሌቷን። ከተማይቱ በሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ መንገዶቿም ሰፋፊና ቀጥ ያሉ በመሆናቸው እንደ ባሕር ዳር ሁሉ ብስክሌት ከቤት ዕቃ ተቆጥሮ የሚኖርባት ናት። ተማሪው በብስክሌት ይማራል፤ አናጢው መጋዙን ከኋላ አሥሮ ወደ ሥራው ይገሰግሳል፤ ለሽርሽር የመጣው እንግዳ ደግሞ በሰዓት ተከራይቶ በሐይቁ ዳር ይንሸራሸራል። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ብስክሌት መንገዱን መጋራት ግድ ሆኖበታል እንጂ ጨርሶ አልተገፋም።

ሆኖም ይህ ሁሉ በአብዛኛው የወንዶቹ ወሬ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲቀጥራቸው ከኖሩት ሠራተኞች የሚበዙት ወጣት ሴቶች ናቸው። አንድ ቀን ጧት በሥራ መግቢያ ሰዓት መንገድ ዳር ቆሜ ስመለከት በእግራቸው የሚጣደፉት ሴቶች ብዙ ነበሩ፤ በብስክሌት ያለፉት ግን ከአንድ እጅ ጣቶች አልበለጡም። ምክንያቱን የጠየቅኋት አንዲት ሠራተኛ፣ «ብስክሌት ለእኛ ይከብደናል» አለችኝ። ንግግሯ ስለ ክብደቱ ይሁን ስለ ሰው ዓይን በውል አልተለየኝም። ምናልባት ሁለቱንም ማለቷ ይሆናል።

በዚህ ዓምድ የምንገናኝ እናቶችም ለልጅ ብስክሌት ለመግዛት ገበያ ስንወጣ ከሁሉ አስቀድመን የምናደርገው ነገር አንድ ነው። ብስክሌቱን ከመሬት ብድግ እናደርገዋለን። ቀለል ካለ «ጥሩ ነው» እንላለን፤ ከከበደ ፊታችንን እናዞራለን። ሻጩም ይህን ጠባያችንን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ያሳየናል፤ ዋጋውንም አብሮ ያነሣዋል። ለመሆኑ በተለምዶ «ማውንቴን» እየተባለ ለሚጠራው ባለማርሽ ብስክሌት ሁለትና ሦስት ኪሎ መቅለል ያን ያህል ገንዘብ ያወጣልን? ወደ ቱላ የወሰደኝ ይህ ጥያቄ ነው። ሜዳው አልቆ መንገዱ ዝቅ ከፍ ማለት የሚጀምረው በዚያ በኩል ነውና።

ቱላ ከሐዋሳ መሐል ከተማ በስተደቡብ፣ ወደ ይርጋዓለምና ወደ ዲላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። በአስተዳደር ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች አንዷ ብትሆንም መልኳ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነው። ሚኒባሱ የአላሙራን ተራራ ወደ ጎን ትቶ ሲሄድ የሕንፃው ብዛት እየሳሳ፣ የእንሰቱ አረንጓዴ እየሰፋ ይመጣል። ከአውራ ጎዳናው አንድ መቶ እርምጃ ገባ ሲሉ በየጓሮው እንሰት ቤቱን ከቦት ይታያል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የአፈር ነው፤ ዝናብ በጣለ ማግስት ጎማ የሚውጥ ጭቃ ይሆናል።

የሄድኩት በገበያ ቀን ነበር። «ዳኤ ቡሹ» ብለው የተቀበሉኝ የሲዳማ እናቶች ቆጮውን፣ ቅቤውንና አትክልቱን በጀርባቸው ተሸክመው የመጡ ናቸው። ከአጠገባቸው አንድ ጎልማሳ ሁለት ኩንታል ጆንያ የጫነ ብስክሌት እየገፋ አለፈ። ይህን ያየ ሰው የብስክሌት ክብደት የሚባለውን ነገር እንደ ገና ማሰብ ይጀምራል። ያ ብስክሌት ጆንያዎቹን ትተን ራሱ ስንት ኪሎ ቢሆን ለሰውዬው ምን ይለውጥለታል?

ከገበያው ጫፍ፣ በላስቲክ ዳስ ሥር፣ አንድ ጎሚስታ ይሠራል። ጎማ ከመለጠፍ አልፎ ያገለገሉ ብስክሌቶችን አድሶ ይሸጣል። በዚያን ዕለት ሦስት ለሽያጭ የቆሙ ነበሩት። አንደኛው የጥንቱ ጥቁር ፎኒክስ፣ ሁለተኛው ቀይ የብረት ማውንቴን፣ ሦስተኛው ደግሞ ብርማ ቀለም ያለው ባለአሉሚኒየም ማውንቴን ነው። ከፊታቸው አንዲት እናትና አሥረኛ ክፍል የደረሰች ልጃቸው ቆመዋል። የልጅቷ ትምህርት ቤት ከቤታቸው ስድስት ኪሎ ሜትር ይርቃል። በባጃጅ እንዳትመላለስ የየቀኑ ሒሳብ አይቻልም፤ በእግሯ ስትሄድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ባለባት ቀን ሳትደርስ ይመሻል። እናቲቱ በዚያው ሳምንት ዕቁብ ወጥቶላቸዋል። ከዓይናቸው የገባው ባለአሉሚኒየሙ ነበር። ዋጋው ግን ዕቁቡን እንዳለ የሚጠርግ ነው።

«እማማ፣ አንሥተው ይዩት እስቲ፤ ላባ ነው!» ይላል የጎሚስታው ረዳት፣ ብስክሌቱን ብድግ እያደረገ።

ባለሙያው ራሱ ዝምተኛ ሰው ነው። የጋዜጣ ሰው መሆኔን ነግሬው ሐሳቡን ብጠይቀው፣ «እህቴ፣ እኔ ስናገር ሻጭ ነው ይሉኛል። ሚዛን ይናገር» አለና ከጎን ካለው የእህል ነጋዴ ዘንድ ወሰደን። ነጋዴው ሳቀ እንጂ አልከለከለም። ፎኒክሱ 21 ኪሎ፣ ቀዩ 17፣ ባለአሉሚኒየሙ 14 ሆኑ። በአሉሚኒየሙና በቀዩ መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ ሦስት ኪሎ ብቻ ነው። ከዚያ ልጅቷን «ነይ አንቺም ውጪ» ተባለች። እያፈረች ወጣች፤ 50 ኪሎ። ደብተር የሞላ ቦርሳዋ ከነምሳዋ አምስት ኪሎ መዘነ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳገት የሚወጣው ብስክሌቱ ብቻ አይደለም፤ ብስክሌቱ፣ ነጂዋና ጭነቷ በአንድነት ናቸው። በቀዩ ስትሄድ ድምሩ 72 ኪሎ፣ በአሉሚኒየሙ ስትሄድ 69 ኪሎ ይሆናል። ልዩነቱ ከመቶ አራት እጅ ነው። በተመሳሳይ ጉልበት ቢነዳ፣ በቀዩ 25 ደቂቃ የሚፈጀው ዳገት በአሉሚኒየሙ 24 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። አንድ ደቂቃ! ያውም 25 ደቂቃ ሙሉ የሚወጣ ዳገት ከተገኘ ነው። በሜዳ ላይ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከባዱ ሲነሣ ጥቂት ይዘገያል፤ ከተነሣ በኋላ ግን ነጂዋን የሚታገላት ነፋሱና የጎማው ከመሬት ጋር መጣበቅ እንጂ ኪሎው አይደለም።

በወጥ ቤት ሚዛን እንየው ብንል ደግሞ እንዲህ ነው። ሦስት ኪሎ ተጨማሪ ክብደት አንድ መቶ ሜትር ከፍታ ለማውጣት ሰውነታችን የሚያወጣው ኃይል በአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ውስጥ ካለው ሩቡን እንኳ አይሞላም። ለዚህች ቁንጥር ስኳር ነው እንግዲህ የዕቁቡ ገንዘብ ሊሄድ የነበረው።

ይህ ሲባል ግን ለእሽቅድምድም ብስክሌት ክብደት ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በውድድር ዓለም አንድ ደቂቃ ወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ የተሳተፈበት ዓይነት የጎዳና ውድድር ላይ ብስክሌቱ ከ6.8 ኪሎ እንዳያንስ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ደንብ ተወስኗል። ወሰን ማውጣት ያስፈለገው ፋብሪካዎቹ ለማቅለል ሲሽቀዳደሙ ነው። የተራራ ብስክሌት ተወዳዳሪዎችም ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ አሥር ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብስክሌት ይነዳሉ። ነገር ግን እነርሱ ደብተርም ቆጮም አይጭኑም፤ ሲሰበርባቸውም መካኒክ ተከትሏቸዋል።

ማውንቴን ብስክሌት ራሱ የተወለደው ከባድ ሆኖ ነው ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተሰሜን በሚገኘው የታማልፓይስ ተራራ ላይ አንድ የወጣቶች ቡድን ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች ከየዕቃ ቤቱ እያወጣ ቁልቁል መንዳት ጀመረ። ብስክሌቶቹ ከ20 ኪሎ በላይ ስለነበሩ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ የሚወጡት እየተገፉ ወይም በመኪና ተጭነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመሩት ውድድር ስሙን ያገኘው ከፍሬኑ ነው። ፔዳልን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራው ፍሬን ቁልቁለቱ ላይ እየጋለ ግራሶው ጢስ ሆኖ ስለሚያልቅ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እንደ ገና ግራሶ መሙላት ግድ ነበር፤ ውድድሩንም «እንደ ገና መሙላት» ብለው ጠሩት። ከእነዚህ ጋር በዚያው ከባድ ብስክሌት ስትወጣና ስትወርድ፣ ታሪኩንም በፎቶግራፍ ስታስቀር የነበረችው ዌንዲ ክራግ የምትባል ሴት ናት። በ1977 ጆ ብሪዝ ለዚሁ ተግባር ብሎ አዲስ ሠርቶ ያወጣው ብስክሌትም ቢሆን ክብደቱ እዚያ እህል ነጋዴ ዘንድ ከመዘንነው ቀይ ብስክሌት ብዙም የሚርቅ አልነበረም።

ወደ ቱላ ልመለስ። ባለሙያው ባለአሉሚኒየሙን ይዞ የፊት ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ጣቱ ሰመጠ። ቀዩን ጫነው፤ አልሰመጠም። ልጅቷን መጀመሪያ በአሉሚኒየሙ እስከ አውራ ጎዳናው ደርሳ እንድትመለስ፣ ቀጥሎም በቀዩ እንድትሄድ አደረጋት። ስትመለስ እናቷ «የቱ ይሻላል?» ቢሏት፣ «ቀዩ ይቀላል» አለች። ረዳቱ በሳቅ ፈነዳ። ሚዛን ላይ የከበደው እግር ላይ ቀለለ ማለት ነው። የላላ ጎማ በየዙሩ ስለሚተኛና ስለሚነሣ ከነጂዋ ጉልበት ይቀማል። ሦስት ኪሎ ከሚቀማው እጅግ ይበልጣል፤ ያውም በዳገት ብቻ ሳይሆን በሜዳውም ሁሉ። የሚበቃው የነፋስ ልክ በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል። በሳምንት አንድ ጊዜ መሙላት ዋጋው ኢምንት ነው።

ካቴናው ዘይት ካጣ፣ ኩሽኔታው ግራሶው ደርቆ ከተንገጫገጨ፣ ፍሬኑ ቸርኬውን እየታከከ ከሄደ እንዲሁ ነው። ጥርሳም ጎማ ለጭቃ ደግ ነው፤ አስፋልት ላይ ግን እያጉረመረመ ጉልበት ይበላል። ለጥገና የመጣ አንድ ሌላ ብስክሌት ከፊትም ከኋላም ሞላ ነበረው። እንዲህ ያለው ርካሽ ባለሁለት ሞላ ብስክሌት ሲያዩት ያስጎመጃል፤ ነገር ግን የኋላው ሞላ ክብደት ከመጨመሩም በላይ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ስለሚዘል የነጂው ጉልበት አንዱ ክፍል ሞላውን ለማስጨፈር ይውላል። በበኩሌ ለልጅ የሚገዛ ሰው ከዚህ ዓይነቱ ቢርቅ እመርጣለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን የመቀመጫው ከፍታ ነው። ብዙ ሴቶች እግራቸው መሬት እንዲረግጥላቸው ብለው መቀመጫውን እጅግ ዝቅ ያስደርጋሉ፤ ከዚያ ጉልበታቸው ታጥፎ ስለሚሠራ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ይዝላሉ። «ብስክሌት ከባድ ነው» የሚባለውም ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ባለሙያው ልኩን ሲያሳይ ልጅቷ ተቀምጣ ተረከዟን በታችኛው ፔዳል ላይ እንድታሳርፍ አደረገ። እግሯ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግሯ ፊተኛ ክፍል ስትረግጥ ጉልበቷ በመጠኑ ይታጠፋል። መቀመጫው አራት ጣት ያህል ከፍ አለ።

ክብደት በእርግጥ የሚያስጨንቅበትም ቦታ አለ። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ እናቶችን ማሳሳት ይሆናል። አንደኛው የሕፃናት ብስክሌት ነው። 25 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 12 ኪሎ ብስክሌት ብንገዛ የሰውነቱን ግማሽ ያህል ብረት አሸከምነው ማለት ነው። ይህ 60 ኪሎ ለምትመዝን እናት የ29 ኪሎ ብስክሌት እንደ መስጠት ይቆጠራል። «ሲያድግበት» እየተባለ የሚገዛው ትልቅና ከባድ ብስክሌት ልጁን ከማሳደጉ በፊት ከብስክሌት ያቆራርጠዋል። ገንዘብ ለቅለት የሚወጣ ከሆነ እዚህ ላይ ቢወጣ ያምራል፤ ሞላውና ብዙው ማርሽ ለትንሽ ልጅ ምንም አያደርግለትም።

ሁለተኛው ብስክሌቱን ራሳችን የምንሸከምበት ጊዜ ነው። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ብስክሌቷን ታች ማሳደር የምትፈራ ሠራተኛ በየቀኑ ደረጃውን ይዛው ትወጣለች። ለእርሷ 14 ኪሎና 17 ኪሎ አንድ አይደሉም፤ በትከሻዋ ነው የምታውቀው። በቱላም ክረምት ሲገባ ቦይ መሻገርና ከጭቃ ማውጣት አለ። የልጅቷ መንገድ ግን፣ እናቷ እንደ ነገሩኝ፣ አንድ ቦይ ብቻ ነው ያለበት፤ እርሱም ድልድይ አለው።

የጭነቱ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። አንድ 20 ሊትር ጄሪካን ውኃ 20 ኪሎ ነው። ከቀዩ ብስክሌት ይበልጣል። መሪው ላይ ሲንጠለጠል መሪውን ያስታል፤ ከኋላ፣ ዝቅ ብሎና ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር ግን ብስክሌቱ ይሸከመዋል። ጭነት ላበዛች ነጂ የሚያሰጋትም ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ከባድ ነገር ለመቆም ረጅም መንገድ ይፈልጋልና ፍሬኑ ከጭነቱ በፊት መፈተሽ አለበት።

ብስክሌትን ለገጠር አፍሪካ ብለው የሠሩ ሰዎችም ያሰቡት ይህን ይመስላል። ዎርልድ ባይሲክል ሪሊፍ የተባለው ድርጅት ለተማሪዎች፣ ለጤና ሠራተኞችና ለገበሬዎች የሚያድለው ቡፋሎ የተባለ ብስክሌት 23 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህ ከጥቁሩ ፎኒክስ እንኳ የሚበልጥ ነው። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ የኋላ መጫኛው መቶ ኪሎ እንዲችል፣ አጥንቱም በየመንገዱ እንዳይሰበር። በህንድ ደግሞ የቢሃር ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ ገንዘብ ሰጠ። ልጃገረዶቹ የገዙት ተራውን የብረት ብስክሌት ነው። ጉዳዩን ያጠኑ ሊቃውንት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመዘገቡት ልጃገረዶች ቁጥር ሲሶ ያህል መጨመሩን አገኙ። ጭማሪው ጎልቶ የታየው ትምህርት ቤቱ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በራቀባቸው መንደሮች ነበር። የቱላዋ ልጅ መንገድ የዚያ እጥፍ ነው።

በሐዋሳ ያነጋገርኳት ሠራተኛ «ይከብደናል» ያለችውን እዚያው ለእናቲቱ ባነሣላቸው፣ «ሰውማ ይናገራል» አሉ፤ «ስትመሽብኝስ ማን ይናገርልኛል?» ከዚህ በላይ አልተነጋገርንበትም። ወዲያው ወደ ቀሚሱ ጉዳይ ገቡ። የልጅቷ የደንብ ልብስ ቀሚስ ስለሆነ የፎኒክሱ አግዳሚ ብረት አይሆናትም፤ ለመውጣት እግር ማንሣት ይጠይቃል። የቀዩ አግዳሚ ወደ ኋላ ዘቅዘቅ ያለ ስለሆነ ይሻላል። ካቴናው መሸፈኛ ያስፈልገዋል፤ አለዚያ የቀሚሱን ጫፍ ነክሶ ይጥላል። ነጠላና ሻርፕም እንደዚሁ ናቸው፤ ጥለታቸው ከጎማው ሽቦ ጋር ከተጠላለፈ ነጂዋን በአንገቷ ይዞ ያወርዳታል። ወገብ ላይ መታጠቅ ወይም ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው። እናቲቱ ይህን ሲሰሙ የራሳቸውን ነጠላ ወዲያው አጠበቁት፤ እርሳቸው የሚነዱ ይመስል።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ የዋጋ ብቻ ሆነ። ቀዩ ተገዛ። ከዕቁቡ በተረፈው የኋላ የዕቃ መጫኛ፣ የካቴና መሸፈኛ፣ ቁልፍና ደወል ተጨመረለት፤ አዲስ የፍሬን ጎማም ገባለት። ይህ ሁሉ ሲገጠም አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ረዳቱ ነገሩ ስለጣመው ብስክሌቱን መልሶ ወደ እህል ነጋዴው ሚዛን ወሰደው፤ 19 ኪሎ ተኩል ሆነ።

«ቀላል ፍለጋ መጥተን አክብደን ልንሄድ ነው» አሉ እናቲቱ።

ያልተሸጠውን ቆጮ በአዲሱ መጫኛ ላይ አስረው፣ ልጅቷ መሪውን ይዛ፣ እርሳቸው ከኋላ በእጃቸው ደገፍ አድርገው፣ በአፈሩ መንገድ ወደ እንሰቱ ገቡ።